ልጄ ሲጠባ ለምን ያመኛል? የአራስ እናቶች ጥያቄና መልስ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። አዋላጅ ነርስ ነኝ። አሁን የምሠራው ደሴ ነው፤ ከዚያ በፊት ኮምቦልቻ ነበርኩ። ሦስት ልጆች አጥብቻለሁ። «በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስታጠቡ ስለሚያማችሁ ነገር ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ካሰብኩት በላይ ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ስም አላወጣሁም።

ብዙዎቻችሁ «ታገሺ፣ ያልፋል ይሉኛል» ብላችሁ ጽፋችኋል። እኔ የምለው ሌላ ነው። የሚያምሽ ከሆነ መጀመሪያ ይታይ። አብዛኛው ሕመም ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ የ9 ቀን አራስ ነኝ፣ ከሆጤ። ልጄ ጡቴን በያዘ ቁጥር በምላጭ የሚቆርጠኝ ይመስለኛል። ጫፉ ተሰንጥቋል፣ ደምም አየሁ። እናቴ «የመጀመሪያ ልጅ እንዲህ ነው» ትላለች።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። እናትሽ ግማሹን ልክ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ሲይዝ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ቆንጠጥ ማድረጉ የተለመደ ነው። ከዚያ ግን መርገብ አለበት። እስኪጠግብ ድረስ ጥርስሽን ነክሰሽ የምታጠቢ ከሆነ፣ ጫፉም ከቆሰለ፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ አጎራረሱ ላይ ነው።

ልጅ የሚጠባው ጡቱን እንጂ ጫፉን አይደለም። ጫፉን ብቻ ከያዘ በምላሱና በላንቃው መሃል እያሸ ያቆስለዋል። አፉን ሞልቶ ከጎረሰ ግን ጫፉ ወደ ኋላ፣ ላንቃው ለስላሳ ወደሆነበት ይገባል። እዚያ የሚፈጨው ነገር የለም። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባል የለ? እዚህ የሚያጣላው ጉርሻው ሲያንስ ነው።

እንዲህ ሞክሪ። ጀርባሽን አስደግፈሽ ተቀመጪ። ልጁን ወደ ጡትሽ አምጪው እንጂ አንቺ ወደ ልጁ አታጎንብሺ። ሆዱ ሆድሽን ይንካ። ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ይሁኑ፤ አንገቱን አዙሮ አይጥባ። አፍንጫው በጡትሽ ጫፍ ትክክል ሲሆን የላይኛውን ከንፈሩን በጫፉ ነካ ነካ አድርጊው። እንደሚያዛጋ ሰው አፉን በሰፊው እስኪከፍት ጠብቂ። ልክ ሲከፍት ጠጋ አድርጊው፤ ቀድሞ የሚነካሽ አገጩ ይሁን። ማጅራቱን አትግፊው፣ ሲገፋ ይታገላል። የምትደግፊው ትከሻውን ነው።

በደንብ ከያዘ አገጩ ጡትሽ ላይ ተጣብቆ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጦ ታዪዋለሽ። ከጠቆረው ክብ ከላይ በኩል የሚታየው ከታች ካለው ይበልጣል። ሲውጥም ትሰሚዋለሽ። ጉንጩ ከጎደጎደ ወይም «ጧ፣ ጧ» የሚል ድምፅ ካለው አልያዘም። ያን ጊዜ ጎትተሽ አታስለቅቂው፤ ቁስሉን የሚያባብሰው እሱ ነው። የታጠበች ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አየር አስገቢና አላቂው። ከዚያ እንደገና። ሦስት አራቴ መደጋገም ነውር የለውም።

ልጁ ከጡትሽ የሚመጣ ትንሽ ደም ቢውጥ አይጎዳውም። ሕመሙ ከሚያንስበት ጡት ጀምሪ፤ የራበው ልጅ በኃይል ስለሚስብ የመጀመሪያውን ጉልበት እዚያ ይጨርስ። ጨርሶ ካልቻልሽ አንድ ቀን እያለብሽ በንጹሕ ሲኒ ስጪው፣ ጡቱ ይረፍ።

እኔም የመጀመሪያዬን ስወልድ ለሦስት ዓመት የሌሎች ሴቶችን ልጆች ጡት ሳስይዝ ኖሬ የራሴን አቃተኝ። በ5ኛው ቀን ልጄ ሲነቃ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። አንዲት ባልደረባዬ መጥታ አየችኝና «አንቺ እኮ ጡቱን እንደ ጡጦ ነው የምታጎርሺው» አለችኝ። ዕውቀት ሌላ፣ አራስ መሆን ሌላ!

ጥያቄ፦ ለተሰነጠቀው ምን ልቀባ? ቅቤ፣ ማር፣ ቫዝሊን ብለውኛል።

መልስ፦ ማር በፍጹም። ዓመት ያልሞላው ልጅ ማር መቅመስ የለበትም፤ ለሕፃን አደገኛ የሆነ መርዝ የሚያመነጭ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል። የቤት ቅቤም ያልተፈላ ነውና ለቁስል አይሆንም። ቫዝሊን ሊጠባ ሲል መጠረግ አለበት፤ ጥረጋው ራሱ ያቆስልሻል። ካጠባሽ በኋላ የራስሽን ወተት ጠብ አድርገሽ ቀባ አድርጊና አየር ይንካው። ፋርማሲ ላኖሊን የሚባል ቅባት ካገኘሽ ጥሩ ነው፣ መጥረግም አያስፈልገውም። ሳሙና ጫፉ ላይ አታድርሺ። የረጠበ ጨርቅ ጡትሽ ላይ አይዋል። ብቻ ቅባት አጎራረስ አያስተካክልም፤ ወደ መጀመሪያው መልስ ተመለሺ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ፣ 4ኛ ቀኔ። ጡቶቼ ድንጋይ ሆኑ። ልጄ መያዝ አቃታት። ጎረቤቴ «በነጠላ ጥፍር አድርገሽ እሰሪው» አለችኝ።

መልስ፦ አትሰሪው። ጡትሽ አግቷል። ወተት በብዛት የሚገባው ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ያሳበጠሽ ወተት ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚመጣው ደምና ፈሳሽም ነው። ጫፉ ስለተወጠረ ልጅቱ የምትጎርሰው አጣች። መጀመሪያ አለስልሺላት። የጣቶችሽን ጫፍ በጡትሽ ጫፍ ዙሪያ አድርገሽ፣ ወደ ደረትሽ በኩል አንድ ደቂቃ ያህል ቀስ ብለሽ ተጫኚው። ወይም በእጅሽ ጥቂት አልቢ። ጥቂት ነው ያልኩሽ! አሟጥጠሽ ባለብሽ ቁጥር ሰውነትሽ «ገና ይፈለጋል» ብሎ ይጨምራል።

ልታጠቢ ስትይ ለጥቂት ደቂቃ ለብ ያለ ጨርቅ፣ ካጠባሽ በኋላ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊበት። ፍሪጅ ከሌለ የእንስራ ውሃ ይበቃል። ታጥቦ የቀዘቀዘ የጥቅል ጎመን ቅጠል መለጠፍም አንዳንዷን ያሳርፋታል። (ቅጠሉ ከዚያ በኋላ ወጥ ውስጥ አይገባም፤ ያስገባች አውቃለሁ።) ሌሊቱን ጨምሮ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ አጥቢ። በአንድ ሁለት ቀን ይረግባል።

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ትናንት ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፣ አንቀጠቀጠኝ፣ አጥንቴን ሁሉ ቆረጠመኝ። የግራ ጡቴ በአንድ ጎኑ ቀልቶ ያቃጥላል። አማቴ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሹልኝ። በግራው እንዳላጠባም ነገሩኝ።

መልስ፦ ይህን መልስ ሁላችሁም አንብቡት፣ ለአማቶቻችሁም አንብቡላቸው። አራስ ሴት ስታተኩስ እኛ አገር ቀድሞ የሚጠራው ምች ነው። በሩ ተከፍቶ፣ ፀሐይ ላይ ወጥታ፣ የወጥ ሽታ መቷት ነው ይባላል። በዚህ መሃል ቀኑ ይሄዳል። ዳማከሴውን ማሽተትሽ ችግር የለውም፤ ጡትሽን ግን አያክመውም። መጠጣቱ ይቅር፣ ለሕፃኑም እንዳይሰጥ።

ያንቺ ምልክት የጡት ብግነት ይመስላል። አንዱ ጎን መቅላት፣ መጠጠር፣ መጋል፣ ከዚያ ኢንፍሉዌንዛ የያዘሽ ያህል መቆራረጥ። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ነገ አትበይ። አንቲባዮቲክ ሊያስፈልግሽ ይችላል። ለምታጠባ እናት የሚሆን አለ፤ ታዞልሽ ከጀመርሽ ሲሻልሽ አታቋርጪው። ደግሞም አራስን የሚያተኩሳት ጡት ብቻ አይደለም። የማህፀን ኢንፌክሽንም አለ፤ ከታች የሚሸት ፈሳሽ ካለ ወይም ሆድሽን ካመመሽ ተናገሪ። ኮምቦልቻና ከዚያ ወዲያ ቆላ ያላችሁ ደግሞ የወባ ምርመራ ይደረግላችሁ።

በግራውም ማጥባትሽን ቀጥይ። ወተቱ አይበላሽም፣ ልጁንም አያሳምመውም። ድንገት ስታቆሚ ነው ወተቱ የሚቋጥረው፤ መግል ሊይዝም ይችላል። ድሮ እኛም «እብጠቱን በደንብ እሺው፣ አሟጠሽ አልቢው» እንል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የጡት ማጥባት ሐኪሞች መመሪያ ይህን ቀይሮታል። በኃይል ማሸት የበገነውን ሥጋ ይበልጥ ይጎዳዋል። ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ እረፍት፣ ልጁ እንደፈለገ ማጥባት፤ ለሕመሙና ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን። ጨጓራ ካለብሽ አይቡፕሮፌኑን ሳትጠይቂ አትውሰጂ።

ጥያቄ፦ ባል ነኝ። ሚስቴ ሌሊት እያጠባች ታለቅሳለች። የቆርቆሮ ወተት ገዝቼ ልገላግላት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ቆርቆሮውን ለጊዜው ተወው። ልጁ በቀነሰ ቁጥር ወተቷ ይቀንሳል፣ ጡቷም ያግታል፤ ሕመም በሕመም ላይ። ልጁ ከ5ኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና፣ በ2 ሳምንቱ ወደ ተወለደበት ክብደት ከተመለሰ፣ እየጠገበ ነው። ካልሆነ ይዛችሁት ሂዱ፤ ተጨማሪ ያስፈልገዋል የሚለውን ባለሙያ ይወስን።

አንተ ማድረግ የምትችለው ብዙ አለ። ጠያቂውን መጥን። አራስ ቤት አሥር ሰው ከቦ ቡና ሲጠጣ የትኛዋ ሴት ነው ጡቷን አውጥታ አጎራረስ የምትለማመደው? ሌሊት ልጁን አንስተህ አቀብላት። ሲጨርስ ተቀብለህ አስገሳው። ውሃ አጠገቧ አይጥፋ። ልቅሶዋ ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ ወይም እንቅልፍ ካጣች፣ ልጁን ማየት ካስጠላት፣ ያ የጡት ነገር ብቻ አይደለም። ሳትውል ሳታድር አሳያት።

ጥያቄ፦ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው ቤቴ። ልጄ ጡቴን ሲለቅ ጫፉ ነጭ ይሆናል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ ያቃጥለኛል። ጠዋት ጠዋት ይብስብኛል።

መልስ፦ የደሴ ብርድ ነዋ! ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጠን፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ እርጥብ ጡት ላይ ሲያርፍ ምን ይሁን? ያንቺ ጫፍ ላይ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች እየተኮማተሩ ነው። ደም ሲሸሽ ይነጣል፣ ሲመለስ ያቃጥላል። ልጁ በደንብ ሳይጎርስ ጫፉን ሲጨቁነውም ይህ ይመጣል፤ መጀመሪያ አጎራረሱን እዪ። ከዚያ ሙቀት ያስፈልግሻል። ጋቢሽን ደርበሽ አጥቢ። ልክ እንደለቀቀ በደረቅ ሙቅ ጨርቅ ወይም በመዳፍሽ ሸፍኚው። አዎ፣ ለኮምቦልቻዋ ቀዝቃዛ፣ ላንቺ ሙቅ ብያለሁ፤ ሕመሙ የተለያየ ነው። ቡናም የደም ሥር ስለሚያኮማትር ሦስቱን ወደ አቦል ብቻ አውርጂው። (ወሎ ውስጥ ይህን ማለት ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ።) ካልተሻለሽ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አለ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ስድስት ወልጄ አጥብቻለሁ። የልጄ ልጅ 12 ቀኑ ነው፣ ጡት ሲይዝ ይለቃል፣ እናቱም ታማለች። እንጥሉ ወርዶ ነውና ይቆረጥለት እላለሁ። ልጄ እምቢ አለች።

መልስ፦ እማማ፣ ልጅዎ እምቢ ማለቷ ደግ አደረገች። አይቆጡኝ። እንጥል ማስቆረጥ የልጁን አጠባብ አያስተካክለውም። በዚያ ምላጭ ደም ፈሶባቸው፣ ቁስሉ መርዞባቸው የሞቱ ሕፃናት አሉ። ልጅ ጡት ይዞ የሚለቀው በአያያዙ፣ ጡቱ በማገቱ፣ አፍንጫው በመደፈኑ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ምላሱ ከሥሩ አጥሮ የታሰረ ይሆናል፤ እሱንም ቢሆን የሚያየው ሐኪም ነው። ግን እርስዎን እፈልግዎታለሁ። ስድስት ያጠባ እጅ ቀላል አይደለም። ልጅዎ ስታጠባ አጠገቧ ተቀምጠው ትከሻውን ይደግፉላት፣ ከላይ የጻፍኩትንም አብረው ይሞክሩ። ልጁ ከደከመ፣ ጨርሶ አልጠባ ካለ፣ ካተኮሰው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ግን አይጠብቁ፣ ይዛችሁት ሩጡ።

አጫጭሮቹን ደግሞ በአንድ ላይ ልመልስ።

«ሦስተኛዬ ነው፣ ሳጠባ ሆዴን ምጥ ምጥ ይለኛል» ላልሽው፦ ማህፀንሽ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው። ልጁ ሲጠባ የሚመነጨው ሆርሞን ነው የሚያኮማትረው። በወለድሽ ቁጥር ይጠነክራል፤ በጥቂት ቀናት ይተውሻል። ፓራሲታሞል ይበቃል። ትራማዶል ከቤት አንስተሽ አትዋጪ፣ በወተት ወደ ልጁ ያልፋል።

«በኦፕሬሽን ወልጄ ስፌቱ ላይ ይረግጠኛል»፦ ከብብትሽ ሥር ያዢው፣ እግሩ ወደ ጀርባሽ ይሁን። ወይም በጎንሽ ተኝተሽ አጥቢ።

«ደህና ሲጠባ ቆይቶ ድንገት ማቃጠል ጀመረኝ፣ ልጄ ምላሱ ላይ የማይጠረግ ነጭ ነገር አለው»፦ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ሁለታችሁም አብራችሁ ካልታከማችሁ እየተቀባበላችሁት ትኖራላችሁ።

«የኤችአይቪ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ጡቴ ቆሰለ»፦ መድኃኒትሽን አታቋርጪ። በቆሰለው ጡት ለጊዜው አታጥቢ፣ እያለብሽ ድፊው፤ በደህናው ቀጥይ። ዛሬውኑ ክትትል የምታደርጊበት ክፍል ሄደሽ ንገሪያቸው።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል የሆጤዋ እህቴ እንደገና ጻፈች። «ግራው ተሻለኝ። ሲይዝ ትንሽ ቆንጠጥ ያደርገኝና ይተወኛል። ቀኙ ግን አሁንም ያው ነው» ትላለች።

መልስ፦ ቀኙን ከብብት ሥር ይዘሽ ሞክሪው። አንዳንድ እናት በአንዱ በኩል እጇ አይታዘዝላትም፤ እኔንም ያስቸገረኝ ቀኙ ነበር። እስከ ከነገ ወዲያ ካልተለወጠ ልጁን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂና ስታጠቢ እንዲያዩሽ ጠይቂ። አጥብተሽው አትሂጂ፤ እዚያ ስትደርሺ ራብ ያለው ይሁን።