ከምሳ በኋላ ጭንቅላቴ አልሠራ ይለኛል፤ ስንፍና ነው ወይስ ሕመም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በሂሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ጠዋት ደህና ነኝ። ከምሳ በኋላ፣ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ግን እፈዛለሁ፤ አንድን ሠንጠረዥ ሦስት ጊዜ አይቼው አይገባኝም። ያልጨረስኩትን ቤት ወስጄ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት እሠራለሁ፤ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ እነሳለሁ። ቡና በቀን አራት ጊዜ እጠጣለሁ፣ የመጨረሻው 10 ሰዓት ላይ ነው። ራሴን ለማሻሻል ዕቅድ አወጣለሁ፣ ሳምንት ሳይሞላው ይፈርሳል። ስንፍና ነው ወይስ የሚታከም ነገር አለኝ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከጻፉልኝ ሁሉ ቀድሞ የታየኝ እንቅልፍዎ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ ለአዋቂ የሚመከረው ቢያንስ 7 ሰዓት ነው። ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የብዙ ሰው ንቃት በተፈጥሮ ዝቅ ይላል፤ ምሳ ያልበላም ይሰማዋል። በደንብ የተኛ ሰው ትንሽ ፈዘዝ ብሎ ያልፈዋል። እንቅልፍ የጎደለው ግን እርስዎ እንዳሉት ያነበበው አይገባውም። ማታ የሚሠሩት ሥራ የነገውን ከሰዓት ያበላሻል፤ የተበላሸው ከሰዓት ደግሞ ሥራውን መልሶ ወደ ማታ ይገፋዋል። ዕቅድዎ የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው፤ በራስዎ ላይ አይፍረዱ።

ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ሥራ ቤት አይውሰዱ። ከባድ ውሳኔ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከአለቃዎ ጋር መነጋገር ሊጠይቅ ይችላል፣ ይነጋገሩ። የመነሻ ሰዓትዎን እሑድንም ጨምሮ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ያጽኑት። የመኝታ ሰዓትዎን በየሦስት ቀኑ በግማሽ ሰዓት እያስቀደሙ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ያድርሱት። በአንድ ጊዜ ቢያስቀድሙት አልጋ ላይ መገላበጥ ይሆናል። 20 ደቂቃ ያህል ተጋድመው እንቅልፍ ካልመጣ ተነሥተው ደብዘዝ ባለ ብርሃን ይቀመጡ፣ ሲመጣ ይመለሱ። ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር።

ቡናውን እንመልከት። ካፌይን በሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። 10 ሰዓት ላይ ከጠጡት ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሩቡ አለ ማለት ነው። የወሊድ መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ይህ ጊዜ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ብዙ ሴቶች ይህን ሳያውቁ «እንቅልፍ አጣሁ» ይላሉ። የመጨረሻውን ቡና ከ7 ሰዓት አያሳልፉ። አራቱንም በአንድ ቀን አያቁሙ፣ ራስ ምታት ያመጣል፤ ከኋለኛው ጀምረው በየሦስት ቀኑ አንድ አንድ ይቀንሱ። ማታ ጎረቤት ቡና ቢጠራዎት አቦሉን አሳልፈው በረካው ላይ ይድረሱ፣ በጣም የቀጠነ ነው።

በእርስዎ ዕድሜ ላለች ሴት ሳይመረመር የማይታለፍ አንድ ነገር አለ፤ የብረት እጥረት። የወር አበባዎ ብዙ ከሆነ፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥርዎ ወይም ፀጉርዎ የሚረግፍ ከሆነ ጥርጣሬው ይጨምራል። ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) እና ፌሪቲን (በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳይ ምርመራ) ያሠሩ። ፌሪቲን በየጤና ጣቢያው ላይገኝ ይችላል፤ ከሌለ የት እንደሚሠራ ይጠይቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነች፤ በዚህ ከፍታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው ንጥረ ነገር) ብዙውን ጊዜ በተፈጥሮ ከፍ ይላል። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት 12 ግራም በዴሲ ሊትር የሚባለው የደም ማነስ ወሰን የወጣው ለባሕር ጠረፍ ነው። ውጤትዎ 12.4 ሆኖ ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» ቢባል እንኳ ለእኛ ከተማ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙ ከፍታውን አስልቶ እንዲያይልዎ ይጠይቁ። አብሮ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራ (ቲኤስኤች) እና በባዶ ሆድ የደም ስኳር ማሠራት ይጠቅማል።

ምሳ እንደበሉ ቡና ወይም ሻይ መጠጣት በተለይ ከሽሮና ከምስር የሚገኘው ብረት በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ያቆዩት። ምግቡ ላይ ሎሚ መጭመቅ ወይም ቲማቲምና ቃሪያ ጨምሮ መብላት መመጠጡን ያግዛል። የብረት እንክብል ግን ሳይመረመሩ ገዝተው አይጀምሩ።

ምሳው ራሱ ከባድ ከሆነ መፍዘዙን ያባብሰዋል። እንጀራውን ቀነስ፣ ምስሩን ወይም ሥጋውን ጨመር ያድርጉ፤ እንደጨረሱ 10 ደቂቃ ይራመዱ፣ ጡንቻ ሲንቀሳቀስ የደም ስኳር በአንዴ አይወጣም። ከተቻለ ወንበርዎ ላይ እንዳሉ ማንቂያ ሞልተው 15 ደቂቃ ይተኙ። 20 አይለፍ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከተኙ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ይገቡና ሲነሱ ከበፊቱ ይብሳል። በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት የማይቀምሱ ከሆነ ከባዱን ሥራ ሁሉ ጠዋት ይጨርሱ፤ ሲገድፉም ቀስ ብለው ይብሉ።

ሥራዎን ከሰውነትዎ ሰዓት ጋር ያስማሙት። ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ንቁ ጊዜዎ ለማመሳከርና ለሪፖርት ይሁን፤ ቴሌግራም ተዘግቶ ስልኩ መሳቢያ ውስጥ። ይህን ጊዜ በመልእክት መመለስ የሚያጠፋ ሰው ከባዱን ሥራ በፈዘዘ ሰዓት ለመሥራት ይገደዳል። ለምሳ ከመነሣትዎ በፊት የት እንደደረሱና ቀጥሎ የሚሠሩትን በአንድ መስመር ይጻፉ፤ ለምሳሌ «የመጋቢት ባንክ መግለጫ፣ ከ14ኛው መስመር ቀጥል»። የፈዘዘ ጭንቅላት የሚቸገረው ከየት ልጀምር በሚለው ላይ ነው። ከ8 እስከ 9 ሰዓት ፋይል ማስገባት፣ ስልክ መደወል፣ ቆሞ የሚሠራ ነገር ይሁን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በበቂ ተኝተውም ካልተሻለዎት ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። እነዚህ ካሉ ግን ሁለቱን ሳምንት አይጠብቁ፦ ከባድ ማንኮራፋትና በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጥ፤ ሲያወሩ ወይም ሲነዱ እንቅልፍ መውሰድ፤ ያልታሰበ ክብደት መቀነስ ከሌሊት ላብ ወይም ከቆየ ሳል ጋር፤ ውሃ ጥምና ሽንት ማብዛት። ላለፉት ሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ስሜትዎ ከወደቀና ደስ የሚልዎት ነገር ከጠፋም ይህ ድብርት ሊሆን ይችላል፣ ይታከማል። መኖር አስጠልቶኛል የሚል ሐሳብ ካለ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ይንገሩና ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ሲቀርቡ የተኙበትንና የተነሱበትን ሰዓት፣ የጠጡትን ቡና፣ የወር አበባዎን ቀናትና የሚወስዱትን መድኃኒት በወረቀት ጽፈው ይያዙ።