ለአባትሽ ካቴተር ይገባላቸዋል ተብለሽ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ፕሮስቴታቸው (ከፊኛ በታች ያለው የወንዶች ዕጢ) አብጦ ሽንት እምቢ ስላላቸው ካቴተር፣ ማለትም በሽንት መውጫው በኩል ፊኛ ድረስ የሚገባ ሽንት ማውጫ ቱቦ፣ ሊገባላቸው ነው፣ ያማል ወይ፣ ቤትስ እንዴት እንያዘው ብለሻል። እኔም በዚሁ በፕሮስቴት ምክንያት ገብቶልኝ ስለነበር የማውቀውን ልንገርሽ።

ሲገባ ደስ አይልም፣ ግን ሰው እንደሚያወራው አይደለም። መጀመሪያ ቦታውን አጽድተው የሚያደነዝዝ ጄል ያስገባሉ። ጄሉ እስኪሠራ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፤ የተቸኮለ ባለሙያ ከገጠማችሁ «ትንሽ እንቆይ» ማለት ነውር የለውም። ቱቦው ፕሮስቴቱ ጋ ሲደርስ ያቃጥላል፣ ይጫናል። ያን ጊዜ ሰውነትን ማጠንከር ነው ሕመሙን የሚያብሰው። እኔን ነርሱ «ጋሼ፣ እንደሚሸኑ ይሁኑ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ» አለኝ፣ እንዳለኝ ሳደርግ አለፈ። ከዚያ ሽንቱ ከቱቦው ጋር ወደተያያዘው ከረጢት ሲወርድ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረው ሆዴ ሲላላ፣ ያን እፎይታ በምን ልግለጽልሽ!

አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቱቦው እያለም ሽንት መጣ መጣ ይላል። ለመሽናት ብለው እንዳያምጡ ንገሪያቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል፤ ካስጨነቃቸው ሐኪሙ መድኃኒት አለው። ውስጥ ያለው ጫፍ ላይ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ የሚሞላ ባሉን አለ፣ ቱቦውን የሚይዘው እሱ ነው። ውሃው ሳይወጣ ቱቦው ከተጎተተ ያደማል፣ ክፉኛ ይጎዳል። አዛውንት ደግሞ እንቅልፍ ላይ ሳያውቁት ይጎትቱታል፤ ስለዚህ ቱቦውን ሳትወጥሩ ላላ አድርጋችሁ ጭናቸው ላይ በፕላስተር ያዙት።

ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ ዝቅ ብሎ ይሁን፣ ግን መሬት አይንካ። ታክሲ ውስጥ ብዙ ሰው አፍሮ በነጠላ ሸፍኖ ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ያኔ ሽንቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል። እግር ላይ የሚታሰር ትንሽ ከረጢት አለ፣ ሱሪ ውስጥ አይታይም፣ ጠይቁ። ከረጢቱ ሳይሞላ ድፉት፣ ከመንካታችሁ በፊትም በኋላም እጃችሁን ታጠቡ። ቱቦው የሚገባበትን ቦታ በየቀኑ በውሃና በሳሙና ማጠብ ይበቃል። ሐኪም ካልከለከላቸው ውሃ በደንብ ይጠጡ። የሚቀየርበትን ቀን አስጽፊ፤ እንደ ቱቦው ዓይነት ከጥቂት ሳምንት እስከ 3 ወር ይቆያል።

መጀመሪያ ላይ ሽንቱ ትንሽ ቀላ ቢል አትደንግጡ። የረጋ ደም ካያችሁ፣ ብርድ ብርድ ካላቸው ወይም ካተኮሳቸው ግን ቶሎ ውሰዷቸው። ከረጢቱ ባዶ ሆኖ ሆዳቸው ከተወጠረ መጀመሪያ ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ እዩ። ካልታጠፈ ተዘግቷል ማለት ነውና ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።