«የሞተ ውሻ አጥንት ቆጥረሽ ምን ልትበዪ ነው?»

ከሜሪላንድ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ነሽ። የጥንቶቹ ማያዎች፣ የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝብ፣ እንስሳትን እንዴት ያረቡ እንደነበር ማጥናት አምሮሻል። እናትሽ ግን ነርሲንግ ግቢ ብለው ይቺን የርዕሷን ጥያቄ ጠየቁሽ። ሳነባት ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣ።

ሴይባልን ንገሪያቸው። ጓቲማላ ውስጥ ያለ የማያ ከተማ ነው። እዚያ ከተገኙት አጥንቶች አንዱ የትልቅ አውሬ፣ ምናልባት የጃጓር (ነብር የሚመስል የአሜሪካ አውሬ)፣ ነው። ሲመረመር ከግልገልነቱ ጀምሮ በበቆሎ ያደገ ሆኖ ተገኘ። ጫካ ውስጥ ያለ ጃጓር ማን በቆሎ ይሰጠዋል? ሰው ነው ያሳደገው፣ ያውም ከዛሬ 2400 ዓመት ገደማ በፊት። ሁለት ውሾች ደግሞ ከሩቅ፣ ከእሳተ ገሞራው ደጋ የመጡ ነበሩ። ጥናቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጣ። ይሄ ሁሉ በአካፋ አልታወቀም፤ ላብ ውስጥ አጥንትና ጥርስ ተፍቆ፣ ዱቄቱ ማሽን ገብቶ ነው።

እኔ አማካሪ ከመሆኔ በፊት ዘጠኝ ዓመት ላብ ውስጥ ጋወን ለብሼ ሠርቻለሁ፣ ስለዚህ አዳላለሁ፣ እወቂው። ቁፋሮውን ሌላ ሰው ይቆፍር፣ አንቺ ማሽኑን ተማሪ። የማያ ሥራ ጥቂት ነው፣ አልዋሽሽም። ግን የካርበን ኢሶቶፕ፣ ማለት በቆሎ መበላቱን የሚያሳብቁትን ክብደታቸው የተለያየ የካርበን አተሞች፣ መለካት የምትችል ልጅ ነገ የምግብ ምርመራ ላብ ልትገባ ትችላለች። ማር ላይ የበቆሎ ሽሮፕ መጨመሩን የሚይዙት በዚሁ ዘዴ ነው። ማር በሽሮፕ መበረዙን እናትሽም ይረዱታል።

ስለ ገንዘብ መጨነቃቸው ልክ ነው። በሁለት ሺፍት ያሳደገች እናት ብትፈራ አይፈረድባትም። ግን አንቺ የጡረታ ደሞዛቸው አይደለሽም፣ ሳትወጂው ነርስ ብትሆኚ የሚጎዳው በሽተኛውም ነው። በምላሹ አንቺም ቃል ግቢላቸው፦ በብድር ማስተርስ አልጀምርም፣ የትምህርቱን ከፍሎ ኑሮዬን የሚችል የዶክትሬት ቦታ ካላገኘሁ እተወዋለሁ።

ስፓኒሽ ዛሬውኑ ጀምሪ። «ለምን የአገርሽን አታጠኚም?» ለሚሉሽ ደግሞ፣ ጤፍም አጥንት ላይ እንደ በቆሎ ያለ ምልክት ይተዋል፣ ዘዴው ያው ነው።

በዚህ ሳምንት ግቢያችሁ ውስጥ ኢሶቶፕ የሚለካ ላብ ፈልጊ፣ ጂኦሎጂ ክፍል ጭምር ጠይቂ። ሄደሽ «ናሙና ልጠብላችሁ» በያቸው። የሚያጥብ ሰው ሁሌም ያጥራቸዋል።