ስለተዘጋው ጣቢያ ቴፖች

ጥያቄ፦ በአካባቢያችን ለብዙ ዓመታት ሠርቶ የተዘጋ የንግድ ሬዲዮ ጣቢያ ታሪክ ለመጻፍ ተሰባስበናል። አንድ የቀድሞ ቴክኒሻን ያስቀመጧቸውን የክር (የድምፅ ቴፕ) ጥቅሎችና የማስታወቂያ ካርትሪጆች (ክር የያዙ ትናንሽ የፕላስቲክ ሣጥኖች) አግኝተናል። አንዱን ጥቅል ስናጫውት ያፏጫል፤ ሄዱ (ክሩን የሚያነበው የማጫወቻው ክፍል) ላይም ቡናማ ነገር ይተዋል። ምን እናድርግ? ሣጥኑ ላይ የተጻፈውንስ ቀን እንመነው?

መልስ፦ ማጫወቱን አሁኑኑ አቁሙ። የማግኔቱን ዱቄት ከፕላስቲኩ ጋር የያዘው ማጣበቂያ ለዓመታት የአየሩን እርጥበት ስቦ ለስልሷል። ፉጨቱ ክሩ ከሄዱ ጋር እየተጣበቀ ሲላቀቅ የሚወጣ ነው። ያ ቡናማ ቅሪት የተቀረጸው ድምፅ ራሱ ነው፤ አንዴ ከተላጠ አይመለስም። በተለይ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ፣ ጀርባቸው ጥቁር የተቀባ ክሮች በዚህ ይጠቃሉ።

እንዲህ ያለውን ክር ለጊዜው የሚያድነው ሙቀት ነው፤ ግን ሙቀት የማይችለውን አስቀድማችሁ ለዩ። ጥቅሉን ከብርሃን ፊት ያዙት። ብርሃን ካሳለፈ አሲቴት ከሚባለው የቆየ የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ነው፤ ሙቀት ያደርቀውና ይሰባበራል፣ አታሙቁት። አቼቶ አቼቶ የሚሸት ካለ መበላሸት ጀምሯልና ከሌሎቹ አርቁት፤ ቅጂውም ከእሱ ይጀመር።

ብርሃን የማያሳልፈውን የሚያፏጭ ክር በፍራፍሬ ማድረቂያ ውስጥ በ54 ዲግሪ ሴልሺየስ 8 ሰዓት ያህል አቆዩት፤ በየመሐሉ ገልብጡት። የማድረቂያውን የሙቀት ማስተካከያ ብቻ አትመኑ፣ ቴርሞሜትር አስገቡበት። የወጥ ቤት ኦቨን አይሆንም፤ ሙቀቱ ይዋዥቃል፣ ጋዝም ሲነድ እርጥበት ያወጣል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ክሩ ደህና የሚሆነው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሆነ መቅጃው ሳይዘጋጅ አታሙቁ። የመጀመሪያው ማጫወት የመጨረሻው ሊሆን ስለሚችል ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ በ96 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ዋቭ (ድምፁ ሳይጨመቅ የሚቀመጥበት) ፋይል ቅዱ። ጫጫታ ማጽዳቱ በኋላ፣ በግልባጩ ላይ ይሁን።

ካርትሪጁ ውስጥ ያለው ክር ጫፍና ጫፉ ተቀጥሎ ቀለበት የሆነ ስለሆነ ወደኋላ አይጠነጠንም። ክሩን ሄዱ ላይ የሚጫነው ስፖንጅ አርጅቶ ይፈረፈራል፤ ሳትቀይሩት አታጫውቱ። መቀጠያውንም እዩት፤ ሙጫው ስለሚደርቅ መሐል መንገድ ላይ ይለቃል። ክሩ ዞሮ በማስታወቂያው መነሻ ላይ በራሱ የሚቆመው በሌላ ትራክ (በክሩ ላይ ጎን ለጎን ካለ ሌላ መስመር) በተቀረጸ የ1 ኪሎኸርዝ ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ከደከመ ካርትሪጁ መዞሩን አያቆምም፤ በእጅ አቁሙት።

የሣጥኑን ቀን በተመለከተ፦ ክር ውድ ስለነበር ጣቢያዎች በላዩ ላይ ደጋግመው ይቀዱበት ነበር፤ ሣጥንም ይቀያየራል። ስለዚህ ይዘቱን አድምጡ። አቅራቢው የሚጠራውን ሞገድ፣ የዜናውን ርዕስ፣ ከሁሉም በላይ ማስታወቂያዎቹን መዝግቡ። ብዙ ጊዜ ካርትሪጁ ላይ ማስታወቂያው አየር ላይ የሚውልበትና የሚወርድበት ቀን ይጻፋል። ያን ከዕለታዊው የፕሮግራም መዝገብና ከማስታወቂያ ደረሰኞች ጋር ስታስተያዩት ቀኑ ይጠብባል። የቀድሞ ሠራተኞችን ስትጠይቁ ፈቃድ የተሰጠበትን፣ የሙከራ ስርጭት የተጀመረበትንና በይፋ የተከፈተበትን ቀን ለየብቻ ጠይቁ፤ ሦስቱም «የተጀመረ ዕለት» እየተባሉ ይምታታሉ።