የፊልጶስ ሒሳብና የልጁ ምሳ

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ገቢና ወጪ ሳመዛዝን ኖሬአለሁ። ስለዚህ ከሐዋርያት መካከል በጣም የሚገባኝ ፊልጶስ ነው ብላችሁ አትገረሙ። ዮሐንስ ምዕራፍ 6 ላይ ጌታ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ እንጀራ ከየት እንግዛ ብሎ ሲጠይቀው፣ ፊልጶስ ወዲያው አሰላ። የ200 ዲናር እንጀራ እንኳ አይበቃም አለ። በዚያ ዘመን አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበር። ስሌቱ እንከን አይወጣለትም።

እዚያው አጠገባቸው ግን አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ የያዘ ልጅ ነበር። ልጁን የጠቆመው እንድርያስ ነው። እሱም ቢሆን ይህ ለዚህ ሁሉ ሰው ምን ይሆናል ማለቱ አልቀረም። ተአምሩን አራቱም ወንጌላት ጽፈውታል። ልጁን ያነሳው ግን ዮሐንስ ብቻ ነው። ስሙን አልነገረንም፤ ምን እንዳለም አልጻፈም። ሰባኪዎች ብዙ ንግግር ያናግሩታል፣ እኔ ግን ያልተጻፈውን አልጨምርም። የተጻፈው በቂ ነው። 5,000 ወንዶች በነበሩበት ቦታ የአንድ ልጅ ስንቅ ጌታ እጅ ገባ። ሰው ሁሉ ጠግቦ 12 መሶብ ተረፈ።

እኛ ትልልቆቹ በችግሩ ትልቅነት እንደበቃለን። “የኔ ነገር ምን ሊፈይድ?” እንላለን። ትሕትና ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ኪሳችንን የምንጠብቅበት ዘዴ ነው። ሕፃን ይህን አያውቅም። የነከሰውን ብስኩት ወደ አፋችሁ ሲዘረጋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እናንተ ትስቃላችሁ። እሱ ግን የምሩን ነው። ካልበላችሁለት ይከፋዋል።

ይህን ተመራማሪዎችም አይተውታል። ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት የሚወዱትን ብስኩት ለአሻንጉሊት እንዲሰጡ ተደረገ። ከተቀበሉበት ጊዜ ይልቅ በሰጡበት ጊዜ ፊታቸው ላይ የበለጠ ደስታ ታየ። በተለይ ከራሳቸው ድርሻ ቀንሰው ሲሰጡ። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 9፥7 እግዚአብሔር በደስታ የሚሰጠውን ይወዳል ያለውን ሳነብ ያ የሕፃናት ፊት ትዝ ይለኛል።

ልጆች መላእክት ናቸው እያልኩ አይደለም። “የኔ ነው!” ብሎ የሚጮኸውም ያው ልጅ ነው። ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቃል።

ግን አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ የ20 ወር ሕፃናትን ተመልክቷል። ሰው ሲረዱ መጫወቻ የተሸለሙት፣ ሽልማቱ ሲቀር መርዳት ቀነሱ። ምንም ያልተሸለሙት ቀጠሉ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር “ስጡ፣ እጥፍ ይመለስላችኋል” የሚለው ስብከት ያሳስበኛል። ጳውሎስ ስለ መዝራትና ማጨድ ተናግሯል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ቀጥሎ የሚለው ለበጎ ሥራ ሁሉ እንድትተርፉ ነው፤ ባለጠጋ እንድትሆኑ አይደለም። ስጦታን እንደ ኢንቨስትመንት የለመደ ሰው ትርፉ ሲዘገይ እጁን ይሰበስባል።

ለልጅ መስጠት እንዲህ የሚቀለው ለምንድነው? የነገ ምሳው የአባቱ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ማርቆስ ምዕራፍ 10ን ክፈቱ። ጌታ ሕፃናትን አቅፎ የእግዚአብሔር መንግሥት እንደነዚህ ላሉት ናት ይላል። ወዲያው ቀጥሎ አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ ይንበረከካል። ትእዛዛቱን ጠብቋል፣ ቅን ነው፣ ጌታም ወደደው። ያለህን ሽጠህ ለድሆች ስጥ ሲባል ግን አዝኖ ሄደ። ማቴዎስና ሉቃስም ሁለቱን ታሪኮች አከታትለው ጽፈዋል። ይህን ሰው ስስታም ብሎ መፈረጅ ይቀላል። እኔ ግን የማየው ፍርሃት ነው። ሀብቱ ከሄደ ማን እንደሚይዘው አላወቀም። የልግስና ችግር ከኪስ በፊት እዚህ ነው ያለው፣ አባት አለኝ ብሎ ማመን ላይ።

ታዲያ በጀት ጣሉ ማለቴ አይደለም፤ ከኔ ሥራም ይህ አይጠበቅም። ያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 16 በየሳምንቱ መጀመሪያ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ለይቶ እንዲያስቀምጥ ይመክራል። ደመወዝ ስትቀበሉ የምትሰጡትን መጀመሪያ ላይ ጻፉት። መጨረሻ ላይ የተጻፈ ስጦታ ሁልጊዜ “የሚቀጥለው ወር” ይሆናል። “ገቢዬ ሲያድግ” የምትሉትንም ተዉት፣ ገቢ ሲያድግ ወጪም አብሮ ያድጋል። ተበድራችሁ ግን አትስጡ። 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥12 ስጦታ የሚወደደው ባለን መጠን እንጂ በሌለን መጠን አይደለም ይላል። መድረክ ላይ ሆኖ ሊያሳፍራችሁ የሚሞክር ካለ፣ ተረጋግታችሁ ቁጭ በሉ።

ሕፃን ሰጥቶ ሲጨርስ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ደረሰኝ አይጠይቅም፣ ፎቶ አይለጥፍም። ግራ እጅህ አትወቅ የተባለውን ሳያስበው ይፈጽመዋል። ለሰው በግል ስትሰጡ እናንተም እንደዚያው ርሱት። የሕዝብ ገንዘብ የሚሰበስብን ግን ሒሳቡን አቅርብ በሉት፣ አትፈሩ። ጳውሎስ የአብያተ ክርስቲያናትን ስጦታ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፋቸው ብሎ የታመኑ ወንድሞችን አብሮ ልኳል። አምነው የሚሰጡ ሰዎች በበዙበት ቤት፣ ገንዘቡን የሚቆጥረው ሰው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት።