ለባርካሎቭ ደሞዙን ማን ይከፍል ነበር?

ከእስራኤሏ ናታንያ ለጻፍክልኝ የ17 ዓመት ወንድሜ፤ በክለብ ዋተር ፖሎ፣ ማለትም የውሃ ውስጥ ኳስ፣ ትጫወታለህ። የሶቭየቱን አሌክሲ ባርካሎቭ ታሪክ አንብበህ «እንደሱ እስከ 34 ዓመቴ ከተጫወትኩ ሌላ ሙያ ምን ያደርግልኛል?» ብለሃል። አባትህ ግን ኳሱን ጥለህ ኤሌክትሪክ ተማር ይሉሃል።

ያነበብከው እውነት ነው። ባርካሎቭ ለብሔራዊ ቡድኑ 412 ጊዜ ተሰልፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ፣ በ1980 ደግሞ በ34 ዓመቱ ሞስኮ ላይ ወርቅ ወስዷል። አንተ ያልጠየቅከው ግን የእንጀራውን ነገር ነው። ኦሊምፒክ ያኔ የአማተሮች ስለነበር በሶቭየት «ፕሮፌሽናል ተጫዋች» የሚባል የሥራ መደብ በይፋ አልነበረም። ተጫዋቹ በወረቀት ላይ ተማሪ ነው፣ ወይም የባሕር ኃይል ወታደር፣ ወይም እንደ ዲናሞ ባለ የፖሊስና የጸጥታ ስፖርት ማኅበር ውስጥ የተመዘገበ ሰው። የልምምድ ሰዓቱም ገንዘቡም በዚያ በኩል ይመጣለታል። መዋኛውን ሲሰናበት ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው አሰልጣኝነት ነው፤ ባርካሎቭም የሄደው ወደዚያው ነው። አንተ ሜዳሊያውን አየህ፤ መደቡን አላየህም።

አንተ ዘንድ ለዚያ የሚቀርበው የእስራኤል ጦር ሠራዊት ስፖርታይ ሚጽታየን (የላቀ ስፖርተኛ) የሚባለው ምድብ ነው። ቤትህ አጠገብ ተመድበህ ለልምምድ እንድትወጣ ያስችላል። ልጆች የሚሳሳቱት ክለቡ ሁሉን ይጨርስልኛል ብለው ቁጭ በማለታቸው ነው። ስምህ በስፖርትህ ፌዴሬሽን በኩል መቅረብ አለበት፤ ከተመደብክ በኋላ መሯሯጥ ከባድ ነው። በውትድርና አገልግሎትህ ጊዜ የመጺል (የዋናተኞች ሕይወት አዳኝ) ኮርስ ውሰድ፤ ስትጨርስ የአሰልጣኝ ሰርተፊኬት ለማግኘት ዊንጌት የተባለው የስፖርት ተቋም ከናታንያ ሩቅ አይደለም። ለመዋኛ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አይታየኝም።

አባትህ ስለ እንጀራ የሚሉት ልክ ነው፤ «አሁኑኑ ተው» ማለታቸው ግን ስህተት ነው። የኤሌክትሪክ ኮርስ በ22 ዓመትህም ይጠብቅሃል፣ ውሃው ግን አይጠብቅህም። ወንድምህ ለመሽካንታው (ለቤት ብድሩ) ክፍያ ሱፐርማርኬት ሥራ ግባ ማለቱን ደግሞ አልቀበልም፤ ያንን ዕዳ የፈረምከው አንተ አይደለህም።

የትከሻህ ሕመም ምናልባት ከእግር ይሆናል፦ እግርህ ሲደክም ወገብህ ይሰምጣል፣ ውርወራውን ክንድህ ብቻውን ይሸከማል። ለጥቂት ሳምንት ውርወራ ቀንስ፣ ኳስ ከራስህ በላይ ይዘህ በእግር ብቻ መቆምን ተለማመድ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስህ ከሆነ ግን ሐኪም ዘንድ ሂድ።

በዚህ ሳምንት አሰልጣኝህን «ስሜ ለፌዴሬሽኑ ቀርቧል?» ብለህ ጠይቀው። መልሱን በጽሑፍ ተቀበልና ለአባትህ አሳያቸው።