ጽሑፉ ስክሪን ላይ ሲበላሽ፦ ክፍት ጥያቄና መልስ

የዛሬው ርዕስ ሰው ድረ ገጽ ላይ ባለ መጻፊያ ሳጥን ውስጥ ያስገባው ጽሑፍ ስክሪን ላይ በትክክል መውጣቱን እንዴት እንፈትሽ የሚል ነው። መላሻችን ከዳታቤዝ (ከመረጃ ማከማቻ) እና ከፊደል ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው። ትዕግሥቱን አትፈታተኑት።

መላሽ፦ ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። ሰው እየተጠቀመበት ባለ ሲስተም ላይ ሙከራ አትሥሩ። ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ሳትይዙ ዳታቤዝ አትንኩ። ስለምትረሱት ደጋግሜ እላለሁ። እሺ፣ ጠይቁ።

ጀማሪ ነኝ፦ ጋሼ ሰላም። ሳጥኑን ሠርቼ «ሙከራ ሙከራ» ብዬ ጻፍኩበት። በትክክል ወጣ። ጨረስኩ ማለት ነው?

መላሽ፦ ገና አልጀመርሽም። «ሙከራ ሙከራ» ብሎ የሚጽፍ ፕሮግራመር ብቻ ነው። ሰው ከሌላ ቦታ ገልብጦ ይለጥፋል፣ ኢሞጂ ይደረድራል፣ ሦስት ባዶ መስመር ይዘላል፣ ክንድ የሚያህል ሊንክ ያስገባል። አንድ ክፉ ጽሑፍ አዘጋጅተሽ አስቀምጪ። አማርኛ ከነአራት ነጥቡ፣ ነጠላና ድርብ ጥቅስ፣ የማነስ ምልክት (<)፣ አምፐርሳንድ (&)፣ ኢሞጂ፣ ክፍተት የሌለው ረጅም ሊንክ፣ ከቀኝ የሚጻፍ አንድ የዓረብኛ ቃል ይኑርበት። ከዚያ ሦስት ቦታ ተመልከቺ። ዳታቤዙ ውስጥ ምን ተቀመጠ? የገጹ ሶርስ (ብራውዘሩ የሚቀበለው ኮድ) ላይ ምን መጣ? ዓይንሽ ምን አየ? ብልሽቱ ከሦስቱ የትኛው ጋ እንደጀመረ ሳታውቂ ኮድ አትንኪ።

ሌሊት ሠሪ፦ እኔ ጋ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ፎንት ልቀይር?

መላሽ፦ ፎንት አይደለም! ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። የተበላሸ አማርኛ አራት መልክ አለው፤ በሽታውም አራት ነው።

ባዶ ሳጥን ካየህ የፎንት ችግር ነው። ጽሑፉ ደህና ነው፣ መሣሪያው ፊደሉን የሚስልበት ፎንት ግን የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ከገጹ ጋር አብረህ ላክ፣ አለቀ።

የላቲን ውጥንቅጥ ካየህ ጽሑፉ አለ፣ የተነበበው ግን በተሳሳተ ኢንኮዲንግ (ፊደልን በቁጥር የማስቀመጫ ስልት) ነው። የምንጽፍበት ዋናው የኢትዮፒክ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የቁጥር ዝርዝር) 3.0 ላይ ገባ። እዚያ ያለ እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ኢንኮዲንግ ነው) ሦስት ባይት ይይዛል፤ ባይት ማለት ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው። 225 ደግሞ በላቲን-1 (በቆየው የላቲን ፊደላት ኢንኮዲንግ) ሲነበብ አናቷ ላይ ጭረት ያላት ትንሿ የላቲን «ኤ» ናት። ያቺ ፊደል በየመሀሉ እየተመላለሰች ከመጣች ደስ ይበልህ፤ ጽሑፍህ ይመለሳል።

ተራ የጥያቄ ምልክት ያንተ ነው። አንዱ ቦታ ላይ ሲስተሙ «ይሄን ፊደል አላውቀውም» ብሎ በጥያቄ ምልክት ተክቶታል። ዳታቤዙን ክፈትና እይ። እዚያ ፊደሉ ካለ፣ ችግሩ ሲወጣ ነው፤ የኮኔክሽኑን (ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበትን) ኢንኮዲንግ አስተካክል። እዚያም የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ጽሑፉ ሞቷል። ምንም ዓይነት ቅንብር አያስነሳውም። ባክአፕ አለህ?

አራተኛው ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ነው። ፊደል መሀሉ ላይ ተቆርጧል። አንዱ ብልጥ ጽሑፉን በፊደል ሳይሆን በባይት ቆጥሮ 100 ላይ ቆርጦታል። 33 ፊደል 99 ባይት ነው። የቀረችው አንዲት ባይት ብቻዋን ፊደል አትሆንም።

ሌሊት ሠሪ፦ ዳታቤዙም ውስጥ የጥያቄ ምልክት ነው። ባክአፕ የለኝም።

መላሽ፦ እንግዲህ እግዜር ያጽናህ። ከዛሬ ጀምሮ የሚገባውን አድን።

ቸኳይ፦ የኔ አይሠራም።

መላሽ፦ ምኑ? ምን ጻፍክ፣ ምን ወጣ?

ዝም አልልም፦ እኔ ጋ አማርኛው ምንም አይልም። ኢሞጂ ሲኖርበት ግን ከኢሞጂው በኋላ ያለው ይጠፋል።

መላሽ፦ ዳታቤዝህ ማይኤስኪውኤል ነው አይደል? ስሙ «ዩቲኤፍ8» የተባለው የቆየ ቅንብር እስከ ሦስት ባይት ብቻ ነው የሚቀበለው። አማርኛችን ሦስት ባይት ስለሆነ ያልፋል፤ ሰዉም ሁሉ ነገር ደህና ይመስለዋል። ኢሞጂ አራት ባይት ነው። ጥብቅ ሞድ ከበራ ኤረር ይሰጥሃል፤ ካልበራ እዚያው ጋ ቆርጦ ዝም ይላል። መፍትሔው «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አለ። ኢሞጂ አያስፈልገንም የሚል ደግሞ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኒኮድ 14 ላይ የተጨመሩት የኢትዮፒክ ፊደላትም አራት ባይት ናቸው። ሠንጠረዡን፣ ኮለሙንና ኮኔክሽኑን፣ ሦስቱንም ቀይር። አስቀድመህ ባክአፕ!

ነጥብ ጠባቂ፦ ሰዉ አራት ነጥብ መጻፍ ትቶ ሁለት ነጥብን ደጋግሞ ይመታል። ሲስተሙ ራሱ ቢያርምለትስ?

ዝም አልልም፦ የሰው ጽሑፍ ማን ንካ አለህ? እንደጻፈው ይውጣ።

ነጥብ ጠባቂ፦ ፍለጋ ላይ እኮ አይገናኙም። ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሌላ።

ዝም አልልም፦ እንደሱ ከሆነ «ፀሐይ»ንና «ጸሀይ»ንም አርማቸው በለኛ! ማን ዳኛ አደረገህ?

ነጥብ ጠባቂ፦ ፊደል ሌላ፣ ነጥብ ሌላ። አታደባልቅ።

መላሽ፦ ከርዕሳችን እየወጣችሁ ነው። ባጭሩ፣ ሰው የጻፈውን እንደጻፈው አስቀምጡ። ለፍለጋ ሌላ የተስተካከለ ቅጂ ያዙ፤ ነጥቡንም ሞክሼ ፊደሉንም እዚያ አዋህዱ። ስክሪን ላይ ግን የራሱ ይውጣ። ቀጥሉ።

ጀማሪ ነኝ፦ ሰው የኤችቲኤምኤል (የገጽ መሥሪያ ቋንቋ) ምልክት ቢጽፍስ? በማነስና በመብለጥ ምልክት መሀል «ደማቅ» ብዬ ሞከርኩ፣ እንዳለ ወጣ። ኤስኬፕ ሆኗል፣ ምልክቱ እንደ ትእዛዝ ሳይሆን እንደ ተራ ጽሑፍ እንዲታይ ተደርጓል ማለት ነው?

መላሽ፦ አይደለም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ብራውዘር የማነስ ምልክትን የታግ (የኤችቲኤምኤል ትእዛዝ) መክፈቻ የሚያደርገው ቀጥሎት የላቲን ፊደል ሲመጣ ነው። በአማርኛ ፊደል ከሞከርሽ ኤስኬፕ ባይደረግም እንደ ተራ ጽሑፍ ይወጣል፤ አንቺም ደህና ነኝ ብለሽ ትተኛለሽ። በላቲን «ቢ» ፊደል፣ በማድመቂያው ታግ ሞክሪ። ቃሉ ደምቆ ከወጣ በሩ ክፍት ነው። ማድመቂያ የገባበት ስክሪፕትም (ገጹ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም) ይገባበታል።

ኤስኬፕ የምታደርጊው ሲወጣ እንጂ ሲገባ አይደለም። ሲገባ የሚያጸዱ ኮዶች አሉ፤ ተጠቃሚው «ከ5 ያነሰ»ን በምልክት ሲጽፍ ታግ መስሏቸው የቀረውን ዓረፍተ ነገር ጠርገው የሚጥሉ። ሲገባም ሲወጣም ኤስኬፕ የሚያደርግ ደግሞ አለ። አምፐርሳንድ ጽፈሽ አጠገቡ «አምፕ» የሚል ትርፍ የላቲን ቃል ከታየሽ እሱ ነው። ይሄንንም ሰው በሚጠቀምበት ሲስተም ላይ አትሞክሪው፣ ብያለሁ።

አላፊ አግዳሚ፦ አንቀጽ ለያይቼ የጻፍኩት ሁሉ ተጣብቆ ይወጣል።

መላሽ፦ ኤችቲኤምኤል አዲስ መስመርን እንደ ክፍተት ነው የሚቆጥረው። ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ላይ «ዋይት-ስፔስ»ን «ፕሪ-ራፕ» አድርገው።

አላፊ አግዳሚ፦ ረጅም ሊንክስ? ገጹን ወደ ጎን ይገፋዋል።

መላሽ፦ እዚያው ሲኤስኤስ ላይ «ኦቨርፍሎው-ራፕ»ን «ኤኒዌር» አድርገው። ስልክ ላይ አይተህ አረጋግጥ።

ነጥብ ጠባቂ፦ በቃላት መሀል ክፍተት ሳይሆን ሁለት ነጥብ ብቻ የሚጠቀም ሰው ጽሑፍስ? መስመሩ አይሰበርም ብዬ ፈራሁ።

መላሽ፦ አትፍራ። በዩኒኮድ ሕግ መሠረት ከሁለት ነጥብ በኋላ መስመር መስበር ይቻላል። ነጥቡም ወደ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ አይወርድም። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ክፉ ጽሑፋችሁ ውስጥ ይሄንንም ጨምሩ።

ቸኳይ፦ ጋሼ፣ የኔ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ይሆናል።

መላሽ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ያን ሁሉ የጻፍኩት ለማን ነው? ለሌሊት ሠሪ የመለስኩትን አንብብ። ከዚያ ዳታቤዙን ክፈት።

ቸኳይ፦ እሺ። ለሳጥኑ ጀርባ የትኛው ቀለም ያምራል?

መላሽ፦ ዲዛይነር ጠይቅ።

ዝም አልልም፦ የመጨረሻ። ሰው የጻፈውን በኤስኤምኤስም እንልካለን። እንግሊዝኛው አንድ መልእክት ሲሆን አማርኛው ሦስት ይሆናል።

መላሽ፦ በላቲን ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ይይዛል። አንድ የአማርኛ ፊደል ከገባበት ግን ጠቅላላው ወደ 70 ይወርዳል። ከአንድ በላይ ሲሆን እያንዳንዱ 67 ነው። ቆጣሪህን በዚህ አስተካክልና በራስህ ስልክ ሞክር፤ ደንበኞች ላይ እንዳትሞክር።